ሃርድቶፔን ከፍ ካስደረግኩ ወዲህ መሪው ያንዘፈዝፈኛል፤ ሁለተኛ የመሪ ስታብላይዘር (የመሪን ምት የሚያበርድ ሾክ) ልጨምር?

የቱርሚው መንገደኛ፦

ሰላም ለቤቱ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን መኪናዬ አስጻፈችኝ።

ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ 78 ናት። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ፣ 4.2 ናፍጣ፣ ቱርቦ የላትም። ፊቷ ሞላ፣ ኋላዋ ባሌስትራ። እንጀራዬ እሷ ናት። ቱሪስት ጭኜ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ፣ ጂንካ፣ ቱርሚ እመላለሳለሁ። ባለፈው ሚያዝያ ቱርሚ አጠገብ ካስኬ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ሆዷ ድረስ ተቀበረች። የሐመር ልጆች ናቸው ገፍተው ያወጡኝ። "ከፍ ማለት አለባት" ብዬ የወሰንኩት ያን ቀን ነው፣ አሸዋው የዋጠውን ጫማዬን በእጄ እየቆፈርኩ።

አዲስ አበባ ስመለስ 5 ሳንቲ ሊፍት (ከፍ ማድረጊያ) አስገባሁ። የፊት ሞላ፣ የኋላ ባሌስትራ፣ አራት ሾክ። ጎማውንም ከ7.50 በ16 ወደ 285/75 በ16 ቀየርኩ፤ ቸርኬውም አብሮ ተቀየረ። ጋራዡ በአንድ ቀን ጨርሶ ቁልፌን ሰጠኝ። አላይመንት የሚባል ነገር፣ የጎማ አቋም ልኬት ማለቴ ነው፣ አላነሱም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠየቅኩም፤ ቁመቷን እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ በፈጣን መንገዱ ወደ ሞጆ እየወረድኩ ነው። ዱከምን አልፌያለሁ፤ ሰማንያ ላይ ነኝ። የግራ ጎማ የድልድይ መጋጠሚያ ሲመታ መሪው ተነሳ። እንዴት ልንገራችሁ፣ ተራ ንዝረት አይደለም። መሪው እጄን ይዞ ግራ ቀኝ ይማታል። ዳሽቦርዱ ላይ የነበረው ውሃ ወደቀ፤ ጣሪያው ላይ የታሰሩት ጀሪካኖች ይጮሃሉ። ከኋላ አራት ጀርመኖች አሉ፤ አንዷ ጎማ የፈነዳ መስሏት ጮኸች። እኔም መስሎኝ ነበር። ፍሬን ሳልረግጥ ነዳጅ ለቅቄ ዳር ያዝኩ። ሠላሳ ስደርስ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ አለች። ወርጄ ጎማ በጎማ ዞርኩ፤ ሁሉም ደህና ነው። የእኔ እግር ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጋራዡ ጋ ተመለስኩ። "ስታብላይዘሯ ደክሟል" ብለው ከውጭ የመጣ ወፍራም ባለ ጋዝ ገጠሙልኝ። የአንድ የጂንካ ጉዞ ትርፌ እዚያው ቀረ። ሁለት ወር ያህል ሰላም ሆነ። አሁን ግን ተመልሷል፣ ያውም በሰባ። በዚያ ላይ አዲሱ ከገባ ወዲህ መኪናዋ ወደ ግራ ትስባለች፤ ድሮ ይህ አልነበረባትም። ጎማ ሁለቴ ባላንስ አሠርቻለሁ። የፊቱን ወደ ኋላ አዙሬያለሁ። ለውጥ የለም።

ሶማሌ ተራ አንዱ "ድርብ አድርገህ ግጠም፣ ሁለት ሲሆን ይይዘዋል" አለኝ። ሌላው ደግሞ ሞላ ያለበት፣ መሪውን ራሱ ወደ መሃል የሚመልስ አለ ይላል። የቱን ልግዛ? ወይስ ገንዘቤን ልያዝ? በጥቅምት እንግዶች አሉኝ፤ እንዲህ ሆና ሰው አልጭንባትም።


ባለ ቪጎው፦

ድርቡን ግጠምና ተገላገል ወንድሜ። እኔ ቪጎዬን ከፍ አድርጌ ሁለት ዓመት ነዳሁ፤ መሪ የሚባል ችግር አይቼ አላውቅም። አላይመንት ምናምን የጋራዦች ገንዘብ መብያ ነው።


አሮጌ ቁልፍ፦

ባለ ቪጎው፣ ቪጎ የፊት ጎማው ለየብቻ ነው የሚሠራው፤ መሪውም ሬክ የሚባል ሌላ ዓይነት ነው። አንተ የሌለህን በሽታ ነው ለሰው የምታክመው። ሃርድቶፕ ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ አክስል ነው ያለው። ግራው ሲመታ ቀኙም ይሰማዋል፤ ቀኙ መልሶ ለግራው ይሰጠዋል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ ልጄ። ምንም አትግዛ። መጀመሪያ የገዛኸውን ፍታው።

ስታብላይዘር የሚለው ስም ራሱ ነው ሰውን የሚያሳስተው። ነገሩ ተኝቶ የታሰረ ሾክ ነው፣ በቃ። መሪውን ቀስ ብለህ ስታዞር ዝም ይልሃል። ጎማው በድንገት ሲመታ ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ለማለፍ ይታገልና ምቱን ይበላዋል። ኮረኮንች ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ እንደ ቆርቆሮ ክዳን በተሸበሸበ ፒስታ ላይ እጅህን ያሳርፋል። ጥሩ ነገር ነው፤ አልጠላውም። ግን ደህና የቆመ አክስል አስፋልት ላይ ያለ ስታብላይዘርም ሳይማታ ይሄዳል። የአንተ የሚማታው ስታብላይዘር ስላነሰው አይደለም። ወፍራሙ ሁለት ወር ደበቀልህ፤ በዚያ ሁለት ወር ውስጥ የላላው ነገር ይበልጥ ላላ። ለዚህ ነው ከሰማንያ ወደ ሰባ የወረደው። ድርብ ብትገጥም ደግሞ ስድሳ ላይ ይጠብቅሃል።

ስለ መሳቡ፦ ከአንድ ጫፉ ፍታውና ዘንጉን ገፍተህ አስገብተህ ልቀቀው። ራሱ ተመልሶ ከወጣ፣ ውስጡ ያለው ጋዝ ቀን ከሌት መሪህን ወደ አንድ ጎን እየገፋልህ ነበር ማለት ነው። ለመሪ ጋዙ ትንሽ የሆነ ወይም ዘይት ብቻ ያለው ይሻላል፤ ሲገፋም ሲጎተትም እኩል የሆነ።

ዋናው ግን ካስተር ነው። ብስክሌት እጅህን ለቀህ ነድተህ ታውቃለህ? ቀጥ ብላ የምትሄደው የፊት ሹካዋ ወደ ኋላ ጋደል ስላለም ነው። መኪናም እንደዚያው። ጎማው የሚታጠፍበት መስመር ላይኛው ጫፉ ወደ ኋላ ያጋደለ መሆን አለበት። የአንተ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ወደ 3 ዲግሪ አካባቢ ነው። አሁን ሞላው ሲረዝም ሻንሲው ወደ ላይ ሄደ። አክስሉን ከሻንሲ ጋር የያዙት ሁለት ረጃጅም ክንዶች የኋላ ጫፋቸው አብሮ ተነሳ፤ አክስሉም ከእነሱ ጋር ወደ ፊት ዞረ። በየ2.5 ሳንቲው አንድ ዲግሪ ገደማ ትከስራለህ። 5 ሳንቲ ስታነሳ ከሦስቱ ሁለቱን ከፈልክ። በቀረችው አንድ ዲግሪ ላይ ደግሞ ከባድ ጎማ ጫንክባት።

ካስተር ማነስ ብቻውን መኪናን ያቅበዘብዛል እንጂ እንዲህ አይማታም። ለመማታት የላላ ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሥሯ ግባ።

ጎማዎቹ መሬት ላይ እያሉ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ረዳትህ መሪውን ትንሽ ትንሽ ግራ ቀኝ ያድርግ። አንተ ተኝተህ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጅህ ያዝ። ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንጎቹን ጫፍ መጋጠሚያዎች)፣ ታይሮዱን (ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘውን ዘንግ)፣ ከሁሉም በላይ ፓናርዱን፤ ያ ከሻንሲ ወደ አክስል በአግድም የሚሄደው ዘንግ ማለት ነው። የላላ ነገር ዓይን ሳያየው እጅ ይሰማዋል፤ "ጠቅ" ይልሃል። የፓናርዱን ብሎን አውልቀህ ቀዳዳውን እይ። ቆሻሻ መሃል ብር የመሰለ የሚያበራ ቀለበት ካገኘህ፣ ብረቱ ሲፋተግ የከረመው እዚያ ነው። ቀዳዳው ከክብነት ወደ እንቁላልነት ከሄደ ብሎን ማጥበቅ ብቻ አያድንህም።

በአንድ ቀን ሊፍት የሚገጥሙ ቤቶች አንድ የሚያበዙት ስህተት አለ። የክንዶቹንና የፓናርዱን ብሎን መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ ሳለች ያጠብቁታል። ስትወርድ የቦኮላው፣ መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ቀለበት፣ ላስቲክ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ በወራት ይቀደዳል። እነዚህ ብሎኖች የመጨረሻ ጥብቀታቸው መኪናዋ በራሷ ክብደት መሬት ላይ ቆማ ነው።

ከዚያ ፊቷን በክሪክ አንሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው። ቢንቀሳቀስ ረዳትህ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ሃብ ከፍተህ ማጥበቅ ነው። ፍሬን ተረግጦም ከቀጠለ የናክሉ ኩሽኔታ ነው፤ ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት የላይኛውና የታችኛው። ይሄኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እነዚህ ኩሽኔታዎች ትንሽ ጠንከር ብለው እንዲቀመጡ ነው የተሠሩት፤ ያ ጥብቀት ራሱ የመሪ ፍሬን ነው። ሲያልቁ ጎማው ነፋስ እንደሚያማታው በር ይሆናል።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ካስተር። ቀዳዳው ከመሃል ወጣ ያለ ቦኮላ ይሸጣል፣ ለክንዶቹ የሚሆን። አሮጌውን በፕሬስ አስወጥተህ እሱን ታስገባለህ፤ አክስሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። አቅጣጫውን ካገላበጡት የቀረህን አንድ ዲግሪም ይወስዱብሃል፤ ቆመህ አስገጥም። ለ5 ሳንቲ ይበቃል። 10 ሳንቲ ላነሳ ሰው አይበቃም፤ ክንዱን ራሱን መቀየር ነው። አክስሉ ሲዞር የዲፈረንሺያሉ አፍንጫ ወደ ታች ያያል፤ የፊት ካርዳኑም (ወደ ፊት ዲፈረንሺያል ኃይል የሚወስደው ዘንግ) መጋጠሚያው ላይ ይበልጥ ይታጠፋል። የአንተ ግን የሎክ ጎማ ናት፤ የፊት ጎማዋ ከአክስሉ ጋር የሚቆለፈውና የሚላቀቀው በሎክ ነው። አስፋልት ላይ ሎኩ ፍሪ ስለሚሆን ካርዳኑ አይዞርም፤ አትጨነቅ።

ሞላ ያለበት መላሽ ስታብላይዘር ደግሞ ካስተር የሚሠራውን በሞላ ማስመሰል ነው። የሚረዳው ሰው ይኖራል፤ አንተ ግን መጀመሪያ እውነተኛውን አስመልስ። ደግሞም ማንም የመሪ ቦክሱን ብሎን "ትንሽ ላጥብቅልህ" ካለህ እጁን ያዘው። ቦክሱ ይጨናነቅና መሪው ከኩርባ አይመለስም።


አውሮራ ነዋሪ፦

ጋሼ የጻፉትን ሳነብ ያወጣሁት ዶላር ትዝ አለኝ።

እኔ ያለሁት ኮሎራዶ ነው፤ ጂፕ ራንግለር ጄኬ፣ የ2012። 6 ሳንቲ ገደማ ከፍ አድርጌ 35 ኢንች ጎማ አስገባሁ። እዚህ ይህን ነገር "ዴዝ ዎብል" ይሉታል፤ የሞት ውዝዋዜ እንደማለት። ስሙን የሰጠው ሰው አላጋነነም። ኢንተርስቴት 70 ላይ ከአይዘንሃወር ዋሻ ወደ ዴንቨር ስወርድ ነው የያዘኝ። ባለቤቴ ለሦስት ወር ያህል ጂፑ ውስጥ አልገባችም።

ልክ እንደ አንተ ስታብላይዘር ገዛሁ። ከዚያ ድርብ። መሪው ጭቃ ውስጥ እንዳለ ከበደ፤ ከኩርባ ስወጣ ራሱ አይመለስም፣ እኔ ነኝ የምመልሰው። ዎብሉ ግን በወሩ መጣ። ለካ የገጠመልኝ ቤት የትራክ ባሩን ብሎን (እናንተ ፓናርድ የምትሉት ነው) በግምት ነው ያጠበቀው። ጄኬ ላይ 125 ፉት-ፓውንድ ይፈልጋል። በቶርክ ቁልፍ ስለካው ግማሹም አልነበረም፤ ቀዳዳው ጋሼ እንዳሉት እንቁላል ሆኗል። አዲስ የባሩን ማሰሪያ ብረት አስበይጄ፣ ካስተሩን በረዘመ የታች ክንድ አስመለስኩ። አሁን የምነዳው በአንድ ተራ ስታብላይዘር ነው።

ሌላ ማንም የማይነግርህ ነገር፦ የተደረበው ስታብላይዘር ዝቅ ብሎ ነው የሚንጠለጠለው። ዩታ ውስጥ ሞአብ ድንጋይ ላይ የመጀመሪያው ቀን ዘንጉ ታጠፈ። የታጠፈ ዘንግ ያለበት መሪ ወደ አንድ በኩል አልዞርም ሲልህ፣ ያውም ገደል ዳር፣ እሱን ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ። የምትገጥመው ማንኛውም ነገር ከአክስሉ በላይ ወይም ከኋላው ይሁን።


የመስክ ስምሪት፦

ሠላም፣ በእርዳታ ድርጅት የመኪና ስምሪት ላይ ነው የምሠራው። 11 ሃርድቶፕ አለን፤ አንዱም ከፍ አልተደረገም፣ ስለዚህ ስለ ሊፍት ብዙ አላወራም። ግን ወንድሜ፣ ጎሚስታው ስንት ነፋስ እንደሞላልህ ጠይቀኸዋል? አንድ ሾፌራችን መሪ መታኝ ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የምናየው የነፋስ ጌጁን ነው። ከመጠን በላይ የተነፋ ሰፊ ጎማ የመንገዱን እያንዳንዷን ምት ወደ መሪ ይልካል። ሁለተኛ፣ ጣሪያው ላይ ስንት ጀሪካን ነው የምትጭነው? ከፍ ባለች መኪና ጣሪያ ላይ 100 ሊትር ውኃ የመሪ ብቻ ጉዳይ አይደለም።


የቱርሚው መንገደኛ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የመስክ ስምሪቷ እህቴ፣ አንቺም ልክ ነሽ፤ ጎሚስታው 55 ፒኤስአይ ሞልቶልኝ ነበር። ወደ 38 አወረድኩት። ጀሪካን አራት ነበር፤ ሁለቱን ወደ ውስጥ አውርጃለሁ።

ትናንት እሑድ ከወንድሜ ልጅ ጋር ግቢ ውስጥ ሥሯ ስንገባ ዋልን። መጀመሪያ ስታብላይዘሩን ፈታሁት። ዘንጉን በሁለት እጄ፣ በጉልበቴ ተደግፌ አስገባሁት። ስለቀው ቀስ ብሎ፣ እንደ ቀንድ አውጣ፣ እስከ ጫፉ ወጣ። ልጁ ሳቀ። እኔ የከፈልኩትን እያሰብኩ አልሳቅኩም።

ፓናርዱ በአክስል በኩል ያችን የሚያበራ ቀለበት አለው። ቀዳዳው እንቁላል አልሆነም፤ በጊዜ ደርሼበታለሁ መሰለኝ። የክንዶቹ ቦኮላ ላስቲክ ግን ተሰንጥቋል። ገና አምስት ወሩ ነው! የግራ ጎማ ከላይና ከታች ስወዘውዘው ይንቀሳቀሳል፤ ልጁ ፍሬን ሲረግጥም አልቆመም። ናክል ነው ማለት ነው?


አሮጌ ቁልፍ፦

ናክል ነው። ሁለቱንም ጎን ቀይር፤ አንዱን ብቻ እንዳትል። ሲከፈት የአክስሉን የውስጥ ሲልም (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋውን ቀለበት) ቀይረው፤ እሱ ካላለቀ የዲፈረንሺያል ዘይት ግሪሱን አጥቦ አዲሱን ኩሽኔታ ይበላብሃል። የሚገጥመው ሰው ጥብቀቱን በሽም (በስስ የብረት ቅጠል) ያስተካክለው፣ በሚዛን ይለካው። ጎማና ቴስቲና ሳይታሰር ናክሉን በመንጠቆ ሚዛን እየጎተተ ማለቴ ነው። "በእጄ አውቀዋለሁ" ካለህ ሌላ ቤት ሂድ።

አላይመንት ከመሠራቱ በፊትና በኋላ ወረቀቱን ተቀበል። ካስተር የሚለውን መስመር አንብብልኝ።


የቱርሚው መንገደኛ፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፤ ይቅርታ። ሥራው ቦኮላ ፍለጋው ላይ ዘገየ።

ወረቀቶቹ እነሆ። በፊት፦ ግራ 0.6፣ ቀኝ 0.9። በኋላ፦ ግራ 2.7፣ ቀኝ 2.9። ቶ ኢን (የፊት ጎማዎቹ ከፊት ወደ ውስጥ የሚያዘነብሉበት ልክ) 2 ሚሊ። ናክሉ በሁለቱም ጎን ታድሷል። ሲከፈት የግራው የታችኛ ኩሽኔታ መቀመጫው ላይ በጥፍር የሚሰማ ጥርስ ጥርስ የሚል ቦይ ነበረው፤ መሪው ቀጥ ሲል የሚቀመጥበት ቦታ ላይ። ለካ ለዚህ ነው መሃል ላይ ሁልጊዜ የምትቆለፍ የሚመስለኝ።

ስለ ስታብላይዘር ደግሞ አትስቁብኝ። "ደክሟል" የተባለውን የድሮውን አልጣልኩትም ነበር፤ ጓዳ ከጀሪካን ሥር ነበር። አውጥቼ አየሁት፣ ዘይት አላፈሰሰም፣ በሁለቱም በኩል እኩል ይከብዳል። እሱኑ መልሼ ገጠምኩ።

ረቡዕ ጠዋት ብቻዬን፣ ባዶ መኪና ይዤ ያችው ድልድይ ጋ ሄድኩ። በሰባ አለፍኩ። ሞጆ ዞሬ ተመለስኩና ከወዲያ ማዶ በሰማንያ አለፍኩ። መጋጠሚያው ጎማውን "ደም" አደረገው፤ መሪው አንዴ ነካ አደረገኝና ተወኝ። እጄ ላብ አስምጦት ስለነበር ዱከም ላይ ቆሜ ማኪያቶ ጠጣሁ። አሁን ከኩርባ ስወጣ መሪውን ላላ ሳደርገው ራሱ ይመለሳል፤ ከሊፍቱ ወዲህ ረስቼው ነበር።

ባለ ጋዙን ማን ይገዛኛል? ሁለት ወር ብቻ ነው የሠራው።


ባለ ቪጎው፦

እኔ ልግዛው እንዴ?


አሮጌ ቁልፍ፦

የት ልትገጥመው ነው አንተ ሰው!

የቱርሚው፣ ወረቀቱ ጥሩ ነው። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ የፓናርዱንና የክንዶቹን ብሎን ደግመህ አጥብቅ። መሬት ላይ ቆማ።


የቱርሚው መንገደኛ፦

ከኮንሶ ነው የምጽፈው። እንግዶቹ ምሳ እየበሉ ነው። እኔ ሥሯ ነኝ። የፓናርዱ የአክስል በኩል ሩብ ዙር ሄደ፤ ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም።